የቤታችንን ሠራተኛ ለሙዚቃ ቪዲዮ ልንቀርጻት ነው፤ ልክ ነን?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ለዓመቱ መዝጊያ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ እንድንሠራ መደበን። ርዕሱ «ማኅበራዊ ፍትሕና የሞራል ኃላፊነት» ነው። ስድስት ልጆች ነን። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ስለ ቤት ሠራተኞች ለመሥራት ተስማማን። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይጀምራል፦

«እኔ ምስኪን ገረድ፣ ዕጣዬ የከፋ፣
እንባዬን ጠርጌ ኑሮን የምገፋ።»

ዳይሬክተራችን «እውነተኛ ሰው ካልታየበት ልብ አይነካም» ይላል። እኛ ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ዕድሜዋ እንደ እኔ 17 ነው፤ ማታ ማታ ትማራለች። ልብስ ስታጥብ፣ ወጥ ስትሠራ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስታለቅስ እንድንቀርጻት ይፈልጋል። ጠየቅኋት፤ «እሺ» አለችኝ። ግን እሷ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምትለው። ቅር እንዳትሰኝ ፈርቼ ለእናቴ አልነገርኳትም። መምህራችን ደግሞ መጨረሻው ተስፋ ያለው ይሁን ብሎናል። ካሜራ የለንም፣ ያለን ስልክ ነው። ቢቱን (የዘፈኑን ማጀቢያ ሙዚቃ) ከዩቲዩብ አውርደናል። በኋላ ቲክቶክ ላይ ለመጫን አስበናል። ምን ይመክሩናል?

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ልጄ፣ «እሷ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምትለው» ብለሻል። ይህን ማስተዋልሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ክበባችሁ የሰጣችሁ ርዕስ ያለው እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከካሜራውና ከቢቱ በፊት እሱን እንጨርስ።

እናንተ ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ለአሠሪዋ ልጅ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ደሞዟ የሚወጣው ከእናትሽ እጅ ነው። የምትተኛበት ክፍል የእናንተ ነው። ማታ ትምህርት ቤት የምትሄደው እናትሽ ስለፈቀደች ነው። ተያዥ የሆነላት ሰው ካለም፣ እሱ ፊት ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም። ይህን ሁሉ እያሰበች «ልንቀርጽሽ ነው፣ ይቻላል?» ስትባል ምን ትበል? አንቺ በቅንነት ጠየቅሻት። ለእሷ ግን ከሌላው የቤት ትእዛዝ አልተለየባት ይሆናል።

ሌላም አለ። ቪዲዮው አዳራሽ ውስጥ ታይቶ እናትሽን ቢያሳፍራት፣ አንቺን ማታ ትቆጣሽና ያልፋል። ሠራተኛዋ ግን ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ሥራዋን ስታጣ ማደሪያዋንም ትምህርቷንም አብራ ታጣለች። ስድስታችሁ ስለ ፍትሕ ዘፍናችሁ ዋጋውን የምትከፍለው ሰባተኛ ልጅ ከሆነች፣ ያ ዘፈን ባይሠራ ይሻላል።

ስለዚህ ፊቷን አትቅረጹ። ስታለቅስማ በፍጹም!

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ታዋቂ ሰዎችን፣ በአደባባይ የሚደረጉ ሁነቶችንና የመሳሰሉትን ለይቶ ያስቀራል። በሰው ጓዳ ሳህን የምታጥብ ልጅ ግን ታዋቂ ሰው አይደለችም፤ ጓዳም አደባባይ አይደለም። ደግሞም 18 ዓመት አልሞላትም። ለእሷ የራሷ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጨመርበታል። እናትሽ አሠሪዋ ናት፤ በወላጆቿ ቦታ ሆና ልትፈቅድላት አትችልም።

ዳይሬክተራችሁ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይገባኛል። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አንዲት እህታችን እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር። የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያ ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስረው የከፋላ ሥርዓትም ብዙ አነጋገረ። እውነተኛ ምስል ኃይል አለው፤ በዚህ ከዳይሬክተራችሁ ጋር አልጣላም። ግን ያ ማስረጃ ነበር። በደል ሲፈጸም የተያዘ ነው። የእናንተ ደግሞ ዝግጅት ነው። «አሁን አልቅሺ» የተባለች ልጅ እንባ ምንም አያስረዳም። ያቺንም እህት ቢሆን ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በዚያች በከፋች ሰዓቷ ብቻ ነው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያመኛል።

ርዕሳችሁን ግን እንዳትቀይሩ። ሰኔ 2012 ላይ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን እዚያው ቤይሩት ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተን ሁላችንም ተቃጠልን። መቃጠላችን ልክ ነበር። ስለ አረብ አገር ስደት ተዘፍኗል፣ ተለቅሷል። ስለ ራሳችን ጓዳ ስንዘፍን ግን ድምፃችን ይቀንሳል። እናንተ በ17 ዓመታችሁ ይህን መምረጣችሁ ትልቅ ድፍረት ነው። አትመለሱ።

አሁን ወደ ግጥሙ። «እኔ ምስኪን ገረድ» የሚለውን ተዪው። ስድቡን ከአፋችሁ አውጡት። «ምስኪን»ም ይውጣ፤ ሰው ራሱን ምስኪን ብሎ አይዘፍንም፣ ሌላው ነው የሚለው። ዋናው ችግር ግን ይሄ አይደለም። ግጥሙ የተጻፈው ልክ አንቺ እሷ እንደሆንሽ ተደርጎ ነው። አንቺ እሷ አይደለሽም። የእሷን ሌሊት አታውቂውም። አንቺ የምታውቂው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ጠዋት ዩኒፎርምሽ ተተኩሶ ታገኚዋለሽ። ምሳ ዕቃሽ ተቋጥሮ ይጠብቅሻል። ይህን ሁሉ ያደረገችው በዕድሜ የምታክልሽ ልጅ ናት። እሷ ስትማር አንቺ ሶፋ ላይ ነሽ፣ አንቺ ስትማሪ እሷ ምድጃ ሥር ናት። ዘፈኑ ያለው እዚህ ነው። ከዚህ ቦታ ሆነሽ ጻፊው፤ ከተገልጋይዋ ቦታ። ለምሳሌ እንዲህ ብለሽ ብትጀምሪስ፦

«ደብተሬን ታቅፌ ስወጣ በጠዋት፣
በሩን የምትዘጋው የኔው እኩያ ናት።»

ይህን የጻፍኩልሽ እንድትወስጂው አይደለም፤ መንገዱን ለማሳየት ነው። ያንቺ ከዚህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያንቺ እውነት ይሆናል። ርዕሳችሁ ውስጥ «የሞራል ኃላፊነት» የሚል አለ አይደል? ኃላፊነት የማን እንደሆነ ካልተነገረ ንግግር ብቻ ነው። «ኅብረተሰቡ ኃላፊነት አለበት» ብላችሁ ብትዘፍኑ አዳራሹ ያጨበጭብና ይበተናል። «እኔ ሳልጠይቅ ለበስኩት» ብላችሁ ብትዘፍኑ ግን እያንዳንዱ ወላጅ ቤቱን ያስባል።

ደግሞ ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ሆነው ያንጎራጉሩ ነበር። ፊት ለፊት የማይባለውን፣ ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ ጌታው፣ በእንጉርጉሮ ይሉት ነበር። የድንጋዩ ድምፅ ምት ይሰጣቸው ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ስለ ቢቱም ልንገርሽ። ከዩቲዩብ ያወረዳችሁትን ተዉት። የሰው ሥራ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። «ፍሪ ቢት» የሚል ተጽፎበት ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስለ ሰው ድካም እየዘፈናችሁ የሌላውን ሰው ድካም በነጻ መውሰድ አይመችም። ይልቅ ጓዳ ግቡና ድምፅ ሰብስቡ። ቡና ሲወቀጥ ዘነዘናው የሚያወጣውን ድምፅ። የመጥረጊያውን። ልብስ በእጅ ሲታሽ የሚሰማውን። የጀበናውን ክዳን። በስልክ ቅዱትና በኮምፒውተር ወይም በስልክ መተግበሪያ ደርድሩት። በችክችካ ምት ብትሠሩት ዘነዘናው ከበሮ ይሆንላችኋል። ክበባችሁ ውስጥ ክራር የሚጫወት ልጅ ካለ በትዝታ ቅኝት ቀስ ብሎ ይግባ። በጣም የሚያሳዝን እንዳታደርጉት ብቻ፤ ግጥሙ ራሱ ይበቃል።

ምስሉንስ? እኔ ብሆን ካሜራውን ወደ አንቺ አዞረዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሺ። የእሷን ቀን ሙሉውን አንቺ ሥሪው። ምድጃውን፣ ዕቃውን፣ ልብሱን፣ ወለሉን፣ ቡናውን። ጓደኞችሽ አንቺን ይቅረጹ። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ። ማስመሰል የለበትም፤ እጅሽ ሳሙና ሲመታው ይቅላ፣ ሲደክምሽ ይታይ። እሷ በዚያን ቀን ዕረፍት ላይ ትሁን፤ ቆማ እንድታሳይሽ አታድርጓት። ከዚያ ዘፈኑን እዚያው ሥራ መሀል ዝፈኚው። የ17 ዓመት ተማሪ በዩኒፎርም ድስት ስትፈትግ ያየ ሰው «ይቺ ልጅ ለምን ትምህርት ቤት አልሄደችም?» ብሎ ይጠይቃል። እኩያዋን በቤት ልብስ ሲያይ ግን ያንን ጥያቄ አይጠይቅም። ቪዲዮአችሁ መናገር ያለበት ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ።

እሷ ግን ጭራሽ ትቅር ማለቴ አይደለም። ከፈለገች ብዙ ቦታ አላት። ግጥሙን ልታርም ትችላለች፤ «ይሄ እንደዚህ አይደለም» የምትልሽ እሷ ብቻ ናት። ዜማ ካላት ዜማ ልታወጣ ትችላለች። አጠያየቅሽን ግን ቀይሪው። እናትሽ በሌለችበት፣ ሥራ ባልያዘችበት ሰዓት፣ ሌሎቹ ልጆች ሳይከቧት ተቀመጡ። መጀመሪያ «በቪዲዮው አንቀርጽሽም፣ ያ ቀርቷል» በያት። ትንፋሽ ታገኛለች። ከዚያ ግጥሙን አንብቢላት። «ሐሳብ ካለሽ ደስ ይለኛል፤ ከሌለሽም ምንም አይደል» በይና ቀን ስጫት። ዝም ካለች እምቢታ ነው፤ ድጋሚ አትጠይቂያት። ሐሳብ ከሰጠች የሠራችው ሥራ ነውና ከመዋጯችሁ ክፈሏት። ስሟ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነ እሷ ትወስን። ቤተሰቦቿ ከተማ ውስጥ ምን እየሠራች እንደሆነ የሚያውቁት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን አንቺ የመግለጥ መብት የለሽም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቪዲዮው ሳይቀረጽ ንገሪያት። አዳራሽ ውስጥ ድንገት እንድታየው ማድረግ እናትን ማዋረድ ነው፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ አያዳምጥም። «እማዬ፣ ስለ ቤታችን ልዘፍን ነው፣ ጥፋተኛዋ አንቺ አይደለሽም፣ እኔም ውስጡ አለሁበት» በያት። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ። ቀስ ብለሽ ጠብቂያት። ብዙ እናቶች ራሳቸው በልጅነታቸው ሰው ቤት ያደጉ ናቸው፤ ተቀምጣ የምትነግርሽ ታሪክ ሊኖራት ይችላል። ጨርሶ አይሆንም ካለች ግን ቀረጻውን ከጓደኞችሽ በአንዱ ቤት አድርጉት። በእሷ ቤት፣ ከእሷ ጀርባ አትሥሩት።

መምህራችሁ ተስፋ ይኑረው ማለቱ ጥሩ ነው። ብቻ ሠራተኛዋ በመጨረሻ ዶክተር ሆና ነጭ ጋወን ለብሳ የምትወጣበትን አትሥሩ። ደግ ቤተሰብ መጥቶ የሚያድናትንም አትሥሩ። ሁለቱም ተመልካቹን ከኃላፊነት ያወጡታል። ተስፋው ትንሽና የሚቻል ነገር ይሁን። አንዲት ጓደኛሽ ሠራተኛዋን እኩያሽን ሆና ትተውን፤ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደብተሯን ይዛ ትውጣ። በሩን አንቺ ዝጊላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ተመልሰሽ የተረፈውን ሳህን እጠቢ። በቃ፣ እዚያ ይለቅ።

ግን ይህንን ከመቅረጻችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ እውነት አድርጊው። እንግዳ የመጣ ዕለት ትምህርቷ ይቀራል? የዕቃው ነገር ያንቺ ይሁን። እሑድ የራሷ ነው? ለበዓል አገሯ መሄድ ትችላለች? ይህን የምልሽ ሕጉ እሷን ብዙም ስለማይደርስላት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አሠሪ ከእሱ ጋር ለሚኖር ሠራተኛ በማደሪያውና በምግቡ በኩል ለጤናው እንዲጠነቀቅ ያዛል። ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ቤት ሕሊና የተተወ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ያጸደቀው ኮንቬንሽን ቁጥር 189 ግን የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ታርፍ ይላል። ከ18 ዓመት በታች ላለች ሠራተኛም ሥራው ትምህርቷን እንዳያስቀርባት ይላል። ስድስታችሁም በየቤታችሁ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ዘፈኑ ባይወደድላችሁ እንኳ ይሄ ይቀራል።

ስለ ስልኩ አትጨነቁ፤ ስልክ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ዘፈኑ ተቀድቶ ይለቅ፤ ቪዲዮ የሚቀረጸው በእሱ ላይ ነው። ድምፅሽን ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ፊት ለፊት፣ ጋቢ ተከናንበሽ ቅጂ፤ ማስተጋባቱ ይጠፋል። ስትቀረጹ ዘፈኑን በስፒከር ክፈቱና ከላዩ ዝፈኑ። ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የሚሰማ ጭብጨባ ይኑር፤ ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ስታቀናብሩ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በዚያ ነው። ጓዳ መብራቱ ደካማ ነውና መስኮት አጠገብ ሁኑ። ሌሊት በአምፖል የምትቀርጹት ላይ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ስልካችሁ የሚያስመርጥ ከሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉት። ስልኩን በወንበርና በመጽሐፍ ደግፉት እንጂ በእጅ እያንቀጠቀጣችሁ አትያዙት። ሙሉውን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተለያየ ቦታ ደጋግማችሁ ቅረጹ፤ ስታቀናብሩ የሚቆረጥ ነገር አታጡም።

ቲክቶኩን አሁን አታስቡት። መጀመሪያ አዳራሹ ይየው። ከዚያም በፊት፣ ሐሳብ የሰጠች ከሆነ፣ እሷ ትየው፤ «ይሄ ይውጣ» ያለችው ይውጣ፣ ለምን ብላችሁም አትጠይቋት። በኋላ ከጫናችሁትም አስተያየት መስጫውን ዝጉ፤ ስለ ቤት ሠራተኞች የሚጻፈውን ስድብ እሷም ስልኳ ላይ ታነባለች። ዳይሬክተራችሁ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ አስቀድሞ ቀርጿት ከሆነ ደግሞ ምስሉን ከስልኩም፣ ከቴሌግራም ግሩፓችሁም፣ ከኮምፒውተሩም አጥፉት። መጥፋቱን እሷ በዓይኗ ትየው።